መንገዱ የታጠፈበት ቦታ

ቀጮ ክው አለች። የወረዳው የስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካርታ ደጋግማ አየችው። አዲሱ መንገድ እነ ቀጮ ቤት ጋ ሲደርስ እጥፍ ይልና የጓደኛዋን የድምቡሼን ቤት መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል።

«ቀጮ፣ ያ የእኛ ቤት ነው?» ድምቡሼ ክንዷን ጨምቃ ያዘቻት። «ሙድ እየያዙብን ነው እንዴ?»

ምን ትበላት! የቀጮ አባት የወረዳው ቀያሽ ነው። ባለፈው ወር ትምህርት ሲዘጋ አብራው ወጥታ የመለኪያ ዘንጉን የያዘችለት፣ ችካሉንም ቀይ የቀባችው እሷ ናት። ያኔ መንገዱ ቀጥ ብሎ መጥቶ የገዛ ሳሎናቸውን ነበር ይዞ የሚሄደው። እናቷ ስታለቅስ አባቷ፣ «መስመር ዘመድ አያውቅም» ብሎ ነበር። ወይ ኩራት! ቀጮ እንደዚያ ቀን በአባቷ ኮርታ አታውቅም።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ከተማችን እያደገች ነው። ወደ አዲሱ ሰፈር ሰፊ መንገድ ያስፈልጋል። ቤታቸው የሚፈርስባቸው ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ያገኛሉ። ዛሬ ተቃውሞ ካልቀረበ ዕቅዱ ይጸድቃል።»

የድምቡሼ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ደንበኞቿ በሙሉ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ቀሚስ ለማሳጠር ብሎ ከተማ ዳር ድረስ የሚሄድ የለም። ከፊት ወንበር ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ካርታው ላይ አፍጥጣለች።

«መንገዱ እዚያ ጋ ምን አይቶ ታጠፈ?» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ!»

ሰው ሳቀ። ድምቡሼ ግን ተቆጥታ ዞረች።

«አባባ፣ የለካው እኮ የእሷ አባት ነው! እሱ አይዋሽም!» ከዚያ እንባዋን እየዋጠች ወደ ቀጮ ጠጋ አለች። «አይደል? ሌላ መንገድ ቢኖር ኖሮ ያተርፈን ነበር፣ አይደል?»

ቀጮ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከሰብሳቢው አጠገብ የተቀመጠውን አባቷን ተመለከተችው። ዓይን ለዓይን ተጋጩ። አባቷ ቶሎ ብሎ አቀረቀረና እስክሪብቶውን ይነካካ ጀመር።

መንገዱ የታጠፈው በስህተት እንዳይደለ ያኔ ገባት። አባዬ? የእሷ አባዬ? ብትናገር የራሳቸው ቤት ይፈርሳል፤ እሱም ከሥራው ይባረር ይሆናል። ዝም ብትል ደግሞ ከድምቡሼ ጋር ነገ በምን ዓይኗ ትተያያለች?

«ተቃውሞ የለም? እንግዲያው ወደ ማጽደቁ እንለፍ።»

ቀጮ ተነሳች። በወንበሮቹ መሃል አልፋ ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። ወደ አባቷ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«አባዬ፣ አንተ ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር?»

«ልጅቷ ምን ፈልጋ ነው?» አለ ሰብሳቢው።

አባቷ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቀጮም ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም።