የውሰት ማርሚታ

«ደራርቱ፣ አስራ አራት ቁጥሩን አቀብዪኝ! ቶሎ!»

ከላንድሮቨሩ ስር የወጣው የአባቷ እጅ በጥቁር ቅባት ተለውሷል። ደራርቱ መፍቻውን አቀበለችው።

የመኪና መርማሪው ከአዲስ አበባ መጥቶ ነቀምቴ የሚቆየው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ዛሬ ቅዳሜ፣ መጨረሻው ነው። ቦሎ ያላገኘ መኪና ታርጋው ይፈታል። ያለዚህች መኪና ደግሞ ቤታቸው እንጀራ የለውም።

ቤንዚን በኩፖን ከሆነ ወዲህ አባቷ ኩማ የድሮውን ሞተር አውጥቶ የናፍጣ ሞተር ገጥሞባታል። ሞተሩ ጉልበተኛ ነው። የጭስ ማፈኛው ማርሚታ ግን አልስማማ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ጭሱም በወለሉ ቀዳዳ እያለፈ ከኋላ ተሳፋሪዎች መሀል ይገባል። ባለፈው ቅዳሜ የክፍል ጓደኛዋ ሎሚ ስንቋን ልታመጣ ወደ ወላጆቿ አገር አኖ ስትሄድ ጥግ ላይ ተቀምጣ ፊቷ አመድ መሰለ፤ መንገዱን ሙሉ አስመለሳት። ሰኞ ትምህርት ቤት፣ «እውነት መንገዱ ነው እንደዚያ ያዞረኝ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አዎ፣ መንገዱ ነው» አለች ደራርቱ። አባቷ በዪ ያላት እንደዚያ ነበር። ቃሉ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጉሮሮዋ ላይ እንደ ጥቀርሻ ተለጥፎ ቀርቷል።

«ኦቦ ኩማ!» ማርሚታውን ያዋሳቸው ነጋዴው ጋሽ ተድላ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሳቀ። «ይቺ ማርሚታዬ ከትናንት ጀምሮ ሦስተኛ ፈተናዋ ነው። ሰው ብትሆን ኖሮ ይሄኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች! እስከ ስድስት ሰዓት ግን መልስልኝ፣ በመኪናዬ የምጭነው ጨው አለኝ።»

«ቶሌ፣ ቶሌ፣ እመልሳለሁ» አለ አባቷ ከስር።

በምርመራው ቦታ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራቸው ሲደርስ መርማሪው ነጭ ጨርቅ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ይዞ፣ «ነዳጅ ስጠው!» አለ። ሞተሩ ጮኸ። ጨርቁ ሲገለጥ ትንሽ ግራጫ ብቻ ነበር። ሰውየው ከኋላ መኪናው ላይ ወጥቶ አሸተተና ወደ ደራርቱ ዞረ።

«ወደ ውስጥ ጭስ ይገባል እንዴ?»

«አይገባም፣ ጓድ።»

ዛሬ እውነት ነበር። ለዛሬ ብቻ።

ቦሎው መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ አባቷ ግንባሯን ሳማት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግን ከጋሽ ተድላ ግቢ ኋላ የውሰቱ ማርሚታ ተፈቶ፣ የተሰነጠቀው በሽቦ ታስሮ ተመለሰ።

«አባ፣ ብየዳ ቤት ብንወስደው...»

«ወረፋው ሳምንት ነው። ሳምንቱን ምን እንበላለን?»

«ሎሚ ዛሬም ትሄዳለች።»

«ሸራውን እንገልጣለን» አለ አባቷ፣ አይኗን ሳያይ።

መናኸሪያ ሲደርሱ ተሳፋሪው ተንጋግቶ መኪናው ላይ ወጣ። ሎሚም ባዶ ከረጢቷን አጣጥፋ ያንኑ ጥግ ያዘች። ደራርቱ የጋቢናውን በር ከፈተች። አዲሱ ቦሎ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ቆም አለችና በሩን መልሳ ዘጋችው፤ ወደ ኋላ ዞራ ወጣች።

«ሎሚ፣ አንቺ ጋቢና ሂጂ። እዚህ እኔ እቀመጣለሁ።»

«ምን ነካሽ? አንቺ የባለመኪና ልጅ!»

«መንገዱ አይደለም፣ ሎሚ» አለች ደራርቱ። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። «ያኔም ያዞረሽ ጭሱ እንጂ መንገዱ አልነበረም።»

ሎሚ አፍጥጣ አየቻትና ከረጢቷን አንስታ ወርዳ ወደ ጋቢናው ሄደች።

«ደራርቱ! ኮቱ፣ ፊት ነይ እንጂ!» ሲል አባቷ ከመሪው ዞሮ ተጣራ።

ደራርቱ ቀዳዳውን የሸፈነውን ጆንያ በእግሯ ገፋችና ጥጉ ላይ ተቀመጠች። በኋላ ማሳያው መስታወት የአባቷ አይኖች አገኟት። እጁ ሞተር ማስነሻው ቁልፍ ላይ ነበር። ገና አላዞረውም።