የሎቄ መሐላ

ግንቦት ፲፮ ቀን ፲፱፻፺፬ ዓ.ም. ዓርብ ጧት፣ በአዋሳ ከተማ ዳርቻ በሎቄ፣ ዝናብ የጠገበው መሬት ፀሐይ ሲያገኘው ይተን ነበር። ወይዘሮ ጽጌሬዳ የጎመን መደቧን ትኮተኩታለች፤ ጎሕ ሲቀድ የወለደችው ላሟ ግን ጥጃዋን እየላሰች ሰው አላስቀርብ ብላ በረት ውስጥ ትንጎራደዳለች።

ጽጌሬዳና ባሏ አቶ ጉልላት የሸዋ ሰዎች ነበሩ፤ ጉልላት ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ሲገለል ይህችን ቦታ ይዘው፣ ጎመንና ቀይ ሥር እየተከሉ፣ ላምና ዶሮ እያረቡ ይኖሩ ነበር። ላሚቱን ከጥጃነቷ ጀምሮ አሳድጎ የሸጠላቸው የሲዳማው ጎረቤታቸው ላንቃሞ ነው።

በዚያ ሰሞን የከተማይቱ አስተዳደር ከሲዳማ ሊነጠል ነው ተብሎ ሕዝቡ ተቆጥቶ ነበር። ላንቃሞም እርጥብ ቅጠል ይዞ ከሰልፈኛው ጋር በአጥሯ ሥር ሲያልፍ፣ «እትዬ፣ ስመለስ ላሚቱን አያታለሁ» ብሏት ነበር።

ጥቂት ቆይቶ የመንግሥት ታጣቂዎች በሰልፈኛው ላይ ተኮሱ። ሰው በየጓሮው ይሮጥ ጀመር፤ መደቡም ተረገጠ፤ ላንቃሞ ጭኑን በሁለት እጁ አፍኖ፣ በጣቶቹ መካከል ደም እየወረደ፣ አጥሩን ጥሶ ገባ።

«እንዳታስገቢው!» አለ ጉልላት ከደጃፉ። «በሰው አገር ነን! ታጣቂዎቹ ካገኙት ቤታችንን በላያችን ያቃጥሉብናል!»

ጽጌሬዳም ፈርታለች። ሆኖም ብብቱን ደግፋ ወደ በረቱ ወሰደችው። ላሚቱ ቀንዷን ዝቅ አደረገች፤ ላንቃሞ በሲዳምኛ አንድ ሁለት ቃል ሲያንሾካሹክላት ግን አሽትታው ፊቷን ወደ ጥጃዋ መለሰች። ጽጌሬዳ ቁስሉን በነጠላዋ አሰረችለት፤ በእንሰት ቅጠልና በገለባ ሸፈነችው፤ ደሙ በተንጠባጠበበት ላይ እበት በተነች።

ሁለት ታጣቂዎች ገቡ። አንደኛው ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለለት ወጣት ነው።

«እናቴ፣ የቆሰለ ሰው ገብቷል?»

«ማንም አልገባም።»

«ዛሬ ኪዳነ ምሕረት ናት። በሷ ይማሉልኝ።»

ጽጌሬዳ በዕድሜዋ በሐሰት ምላ አታውቅም።

«ኪዳነ ምሕረትን፣ አልገባም» አለች።

ወጣቱ አላመናትም፤ ወደ በረቱ ተራመደ። ላሚቱ አጥሩን በቀንዷ ስትመታው አፈግፍጎ ጠመንጃውን ወደረባት። ሌላኛው ግን፣ «ተዋት፤ አራስ ናት» ብሎ ወደ ጉልላት ዞረ።

«አባት፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ጽጌሬዳ ዓይኗን ጨፈነች። «እንዳታስገቢው» ያለው ሰው ነው የሚጠየቀው፤ አንድ ቃል ብቻ ቢተነፍስ እሱ ይድናል፤ እሷና ላንቃሞ ግን አለቀላቸው። ጉልላት ምርኩዙን ይዞ ቆመ።

«ሚስቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «በኪዳነ ምሕረት በሐሰት አትምልም።»

ታጣቂዎቹ ወጡ። ጉልላት እዚያው ቁጭ አለ፤ ሱሪው መርጠቡን ያየችው ጽጌሬዳ ውኃ አቀረበችለት። ላንቃሞን ሲመሽ ዘመዶቹ በቃሬዛ ወሰዱት፤ እያነከሰም ቢሆን ኖረ። አብሮት ተሰልፎ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ግን ከመንገዱ አልተመለሰም።

ዘመኑ አልፎ፣ ከተማው ሰፍቶ ያን ጓሮ ከዋጠው በኋላም፣ የዚያ ቀን ሙታን ቁጥር እያከራከረ ታሪክ ሎቄን አልረሳም። በየቤቱ ተሸሽጎ የተረፈውን ግን የመዘገበ የለም፤ የሸሸጉትም ከፍርሃታቸው የተነሣ ነገሩን እርስ በርሳቸው እንኳ አንሥተውት አያውቁም። ጽጌሬዳ በየዓመቱ በሐሰት መማሏን ለንስሐ አባቷ ትናዘዝ ነበር፤ ካህኑ፣ «ስለ ማን ብለሽ ነው?» ሲሏት ግን መስቀላቸውን ተሳልማ ትነሣለች፤ የላንቃሞን ስም ለእሳቸውም ሳትናገር ሞተች።