ክዳኑ ሲገጠም

ሐመልማል የጊታሩን ክር በአውራ ጣቷ መታች። ስፒከሩ አጓራ።

«ሠራ! እማዬ፣ ሠራ!»

«ጎረቤትም ሰምቷል» አለች እናቷ ወይዘሮ አገርነሽ፣ ለጊፋታ የምታነጥረውን ቅቤ እያማሰለች።

ያጓራው ፔዳሉ ነው። የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር፣ በእግር እየተረገጠ የሚበራና የሚጠፋ መሣሪያ፤ በአሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የታጨቀ። ሐመልማል ከወር በላይ የስልክ ቪዲዮ እያየች፣ ጣቷን በመበየጃ እያቃጠለች ሠራችው። ማንም አላስተማራትም፤ ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ነገ ዓርብ ትምህርት ቤቷ ጊፋታን፣ የወላይታን ዘመን መለወጫ፣ ሲያከብር ከባንዷ ጋር፣ ከነፔዳሏ መድረክ ላይ ትወጣለች።

ክዳኑን ገጠመች። ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጠበቀች። ክሩን መታች።

ጸጥ።

ከፈተችው፤ አጓራ። ገጠመችው፤ ጸጥ።

ሦስተኛ ጊዜ ስትከፍተው ክዳኑን ገልብጣ አየች። ከውስጥ በኩል አንዲት አዲስ ጭረት ታብረቀርቃለች። ከጭረቷ ትይዩ የስፒከሩ ገመድ የሚሰካበት ጃክ አለ፤ የብረት እግሩ ረዝሞ ወጥቷል። ክዳኑ በተገጠመ ቁጥር እግሩ ቆርቆሮውን ይነካል፤ ድምፁም ወደ ስፒከሩ መሄዱን ትቶ ቆርቆሮው ላይ ይቀራል። ጣት የማታክል ናስትሮ ብትለጠፍበት ያበቃል።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ፊቷ ግን እስከ ጆሮዋ ጋለ። ፔዳሉ ውስጥ ድምፁን የሚያጎላው ትራንዚስተር ምንም አልሆነም ነበር ማለት ነው። ትራንዚስተሩ ደግሞ የዘሐራ ነው።

የክፍል ጓደኛዋ ዘሐራ ከትምህርት በኋላ ሬዲዮ የሚጠግኑትን አባቷን፣ ጋሽ ቡሽራን፣ ሱቅ ውስጥ ታግዛለች። ከአንድ የሞተ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ትራንዚስተር ነቅላ፣ በሶፍት ጠቅልላ፣ «ላንቺ ነው» ብላ ሰጠቻት። ማክሰኞ ዕለት ፔዳሉን ክዳኑ እንደተገጠመ እዚያው ሱቅ ሰክተው ዝም ሲላቸው፣ ሐመልማል ባንዱም፣ ደንበኛውም፣ ጋሽ ቡሽራም ባሉበት አፏን ከፈተች።

«ድሮም ከቆሻሻ የወጣ ዕቃ! ሬዲዮ መወልወልና ሬዲዮ ማወቅ አንድ መሰለሽ እንዴ?»

ዘሐራ «እሺ» ብቻ አለች። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

በሩ ተንኳኳ። የባንዱ ከበሮ መቺ ሚልክያስ ነው። የተከፈተውን ፔዳል አይቶ ክሩን መታ፤ ሲያጓራ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ኧረ ቀወጥሽው! የዘሐራን ዕቃ ጥለሽ በሌላ ቀየርሽው አይደል? እኔም ብዬ ነበር እኮ።»

ሐመልማል ክዳኑን አነሳች። ውሸቱን ራሱ ሠርቶ፣ ራሱ አቅርቦላታል፤ እሷ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ናስትሮው ጠረጴዛው ላይ ነው። ነገ ትጫወታለች፤ ይጨበጨብላታል። ስለ ጃክ እግር ማን ይጠይቃል?

«ዘሐራን ለእሁዱ ጊፋታ ጠራሻት?» አለች እናቷ ከጓዳ። «አምና ስትጨፍር በሳቅ ነው የገደለችን።»

«አልጠራኋትም።»

ማማሰያው ቆመ። «ተኳርፋችኋል? እዚህ ቤት ሳይታረቁ ጊፋታን መቀበል እንደሌለ ታውቂያለሽ። ዓመቱን በኩርፊያ ልትጀምሪው ነው?»

ሐመልማል ናስትሮውን አነሳች። ትንሽ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። ክዳኑን እንደነበረ ገጥማ ፔዳሉን ብብቷ ሥር ወሸቀች።

«ና፣ እንሂድ» አለችው ሚልክያስን።

«ወዴት?»

«ማክሰኞ የሰማኸኝ ቦታ።»

ሱቁ ሲደርሱ ዘሐራ ቀና አላለችም። «ምን ፈለግሽ?»

«ናስትሮ።»

«እናንተ ቤት የለም?»

«አለ።» ፔዳሉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። «ስከፍተው ይሠራል፤ ስዘጋው ይሞታል።»

ዘሐራ ፔዳሉን ወደ ጎን ገፋ አደረገችው። እጇ ግን አላስቻለውም። ካቻቢቴ አንስታ ፈታችው፤ ክዳኑን ገልብጣ ጭረቷን በጥፍሯ ዳበሰች። ከሐመልማል ፈጥና ነው ያገኘችው።

«ጃኩ ክዳኑን እየነካ ነው። ትራንዚስተሩማ ደህና ነው» አለች ቀስ ብላ። «ማነው ጃኩን እንዲህ ያሰረው?»

ሚልክያስ በሩ ላይ ቆሟል። ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሁለት ሰዎች ዞር አሉ። ጥግ ላይ ያቀረቀሩት ጋሽ ቡሽራ መበየጃቸውን አስቀመጡ።

«እኔ» አለች ሐመልማል፣ ልክ ማክሰኞ በጮኸችበት ድምፅ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ያንቺ ዕቃ ምንም አልነበረበትም።»

ዘሐራ ከመሳቢያው ናስትሮ አወጣችና በጥርሷ ቆረጠች።

«ክዳኑን ያዢልኝ» አለች። «ሌላ ነገር ግን እንዳትነኪ። እጅሽ አይታመንም።»

ለዚህ የሚሆን መልስ በሐመልማል ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያውም የሚያቃጥል። ዋጠችውና ክዳኑን በሁለት እጇ ያዘች።