ዓለም ሁሉ ያየው ውድቀት

አበረ የተገኘው ግንባሩን ኪቦርዱ ላይ ደፍቶ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ገብቷል። ደሙ በፊደሎቹ መካከል ሰርጎ፣ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ ረግቷል። መብራት ሲዋዥቅ ኮምፒውተሩን ከመቃጠል የሚጠብቀው ከባድ የብረት ሳጥን፣ ስታብላይዘሩ፣ ጸጉርና ቆዳ ይዞ ወንበሩ ሥር ተጋድሟል። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራቱ አንድም ጊዜ አልተዋዠቀም፤ ስታብላይዘሩ ሥራ ስለፈታ ሌላ ሥራ ተሰጠው።

ኢንስፔክተር ልክየለሽ ከመግባቷ በፊት ደጃፉ ላይ ቆማ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። ኢንጅባራ አስፋልቱ ዳር ያለ አንድ ክፍል ነው። ፎቶ ኮፒ ይነሣበታል፤ ሞባይል ላይ ዘፈንም መዝሙርም ይጫንበታል። ግድግዳው ላይ «ዌብሳይት እንሠራለን፤ ዓለም ይይዎት!» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ይህን ሙያ ለአበረ ያስተማረው ሰው የለም። ከባሕር ዳር በፍላሽ የመጣለትን ትምህርት ደጋግሞ እያየ፣ ያልገባውን እየዘለለ፣ የዘለለውንም እንደገባው እየቆጠረ ራሱን ያስተማረ ልጅ ነው።

«ጩኸት የሰማ የለም፤» አለ ረዳቷ ኮንስታብል ሀብቱ። «በረዶ ሲጥል ነበር። ቆርቆሮው እንዲያ ሲንጫጫ እንኳን ጩኸት፣ ጥይትም አይሰማ።»

«ገዳዩ ሁለት ገድሏል፤» አለች ልክየለሽ።

«ሌላ ሬሳ አለ?»

በጣቷ አሳየችው። ሞኒተሩ ከነመቆሚያው ደቅቋል። መስተዋቱ ረግፎ ማቀፊያው ብቻ ቀርቷል፤ ከሰውዬው ይልቅ እሱ ላይ ብዙ ተመትቷል። ጠረጴዛው ሥር ያለው ሲፒዩ ግን ጭረት እንኳ ሳይነካው እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል።

በሩ ታሸገ።

በማግሥቱ ከተማው ገዳዩን ከፖሊስ ቀድሞ አገኘ። ጢሞቲዎስ የአበረ የትምህርት ጓደኛ ነው፤ በጸሎት ቤታቸው ኦርጋን ይመታል። ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ በውብአየሁ ሆቴል በረንዳ ላይ በቦክስ ሲቃመሱ፣ «እገድልሃለሁ!» ሲለው ያልሰማ አልነበረም። እሑድ ከአምልኮ ሲወጣ ጠብቀው መሬት ለመሬት ጎተቱት። አንዱ በድንጋይ ጥርሱን አረገፈው፤ ሌላው ክንዱ ላይ ቆመ። አጥንቱ ሲሰበር የተሰማው ድምፅ ነው ጥቂቱን ሕዝብ ወደ ኋላ የመለሰው። ፖሊስ ከቀሪው አስጥሎ ጣቢያ አስገባው።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ደግሞ የሟች ታላቅ ወንድም አዝመራው ከአዘና መጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጋቢው ሥር ጠመንጃ አለ። አልደበቀውም።

«እቴ፣» አላት ልክየለሽን፣ «እስኪ አትቸኩሉ። ዛሬም ልቀቁት ነገ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።»

ነገሩ የከፋው እዚህ ላይ ነው። በጢሞቲዎስ ላይ ማስረጃ ካልተገኘ መለቀቅ አለበት፤ ከተለቀቀ ይሞታል። እውነተኛው ገዳይ በስም ካልተጠራ በቀር ንጹሕነቱ ከበሩ እስከ ድንጋዩ እንኳ አያደርሰውም።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው።

«ይታያል፣ አይታይም ብለን።» አፉ አብጦ ቃሉ ይሾልካል።

«ምኑ?»

«የሆቴሉ ዌብሳይት ላይ ያስገባው ፎቶ። እሱ ይታያል ይላል። እኔ በሞባይሌ ስከፍተው ባዶ ሳጥን ነው፤ ጥጉ ላይ ቀይ ኤክስ። ውሸታም አልሁት። በቦክስ መታኝ። እገድልሃለሁ አልሁት።»

«ለአንድ ፎቶ?»

«ኢንስፔክተር፣ እርስዎ ይህን ነገር ተምረውት አያውቁም። እኔና አበረ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳምንት ሙሉ ተኮራርፈን እናውቃለን።» ሊስቅ ሞከረና ክንዱን ያዘ። «አላደረግሁትም።»

ወይዘሮ ውብአየሁ ሬሳውን ያገኘችው ሴት ናት። ሆቴሏን ለዓለም እንዲያሳይላት አበረን ያሠራችው እሷ ነበረች፤ ሐዘኗና ንዴቷ ገና አልተለያዩም።

«አፈር ይቅለለውና፣ ጉድ ሠራኝ እኮ! እህቴ ጥሊሊ ሆና ከፈተችው፤ ባዶ ሳጥን። ልጄ ባሕር ዳር ከፈተው፤ ባዶ ሳጥን። ሆቴሌን በመላው ዓለም ባዶ ሳጥን አድርጎ አስተዋወቀልኝ!»

«ምን አለሽ እሱ?»

«ምን ይላል? ኔትወርክ ነው አለኛ። ሁላችንም ኔትወርክ ነው አልን። ቅዳሜ ከጠቡ በኋላ ግን አፈጠጥሁበት። ‹ፎቶው ከብዶት ይሆናል፤ አሁኑኑ ቀለል ባለ እቀይረዋለሁ› ብሎ ሄደ። ሊመሽ ሲል ቀየረው ወይ ብዬ ብሄድ…» ነጠላዋን አፏ ላይ ደፈነችው።

«በምን ቀየረው?»

«የት አይቼው? እኔ እንደሁ ያችን ኤክስ ነው የማውቃት።»

ሦስተኛው ሰው ሳይጠራ መጣ። ጋሽ አየነው በአዊ ምድር ስሙ የታወቀ ፈረሰኛ ነው፤ ሸምግሎም ቢሆን በኮርቻ ላይ እንደ ጦር ቀጥ ይላል። ደም የተቃቡትን ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነውና፣ አዝመራውን ለማብረድ ከሁለት ሽማግሎች ጋር ጣቢያ ደረሰ።

«ልጄ፣ ይህ ነገር ሌላ ደም ሳይወልድ እልባት እናብጅለት፤» አላት።

«እርስዎ ቅዳሜ የት ነበሩ፣ ጋሼ?»

«ዳንግላ። ዘመድ ጥየቃ። በረዶውንም እዚያው ነው ያሳለፍሁት።»

«የልጁን ሥራ አይተውታል?»

ጋሽ አየነው ፈገግ አለ፤ አለመቆጣቱን እንድታይለት ፈልጎ ነበር። «አዎ፣ እዚያው ዳንግላ ኢንተርኔት ቤት አሳዩኝ። እኔንም አውጥቶኝ የለ! በጥር፣ በፈረስ ጉግሱ ቀን፣ ሆቴሉ ፊት ስወድቅ። አንድ እግሬ እርካብ ላይ ተሰቅሎ፣ ቂጤ ወደ ሰማይ። ሳቅሁ። የልጅ ነገር ነው ብዬ ተውሁት።»

«ዳንግላ ኔትወርኩ ደኅና ነው ማለት ነው?»

«ከናንተ ሳይሻል ይቀራል?»

ልክየለሽ የታሸገውን ቤት ከፍታ ሌላ ሞኒተርና ኪቦርድ አስመጣችና ሲፒዩው ላይ አሰካች። ስክሪኑ በአንድ ፊደል ተሞልቷል፤ የሟች ግንባር የተጫነው ቁልፍ ገጽ ከገጽ ሲጽፍ ነበር። ያንን ዘግታ አበረ የሠራውን የሆቴሉን ገጽ ፈለገችና ከፈተችው። ፎቶው ቁልጭ ብሎ ወጣ። ጋሽ አየነው እንደተናገረው ነው፤ ፈረሱ፣ እርካቡ፣ ሰማይ ያየው ሱሪ።

«ይኸው ይታያል!» አለ ሀብቱ። «ጢሞቲዎስ ነው የዋሸው።»

እሷ አበረ የተማረበትን የትምህርት ፎልደር ከፈተችና ከአንደኛው ክፍል ጀመረች። ገዳይ ፍለጋ የመጣች ሴት ቁጭ ብላ ፊደል መቁጠር ያዘች። «ሰላም ኢንጅባራ» ብላ ጻፈች፤ ትልቅ ሆኖ ወጣ። ቀለም ሰጠችው፤ የማይሆን አረንጓዴ ሆነ። አንዷን ምልክት ረስታ ገጹ እንዳለ ጠፋባት፤ ያጠፋችውን ለማግኘት ሻይዋ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ የሀብቱን ፎቶ ዴስክቶፑ ላይ አስቀምጣ ገጿ ላይ አወጣችው። ሀብቱ በአረንጓዴው ሰላምታ ሥር ኮራ ብሎ ቆመ።

«በሉ ለአለቃችን ለኮማንደሩ እናሳይ!» አለ።

ገጿን ብቻ በፍላሽ ገልብጠው ጣቢያ ወሰዱና ቢሮ ባለው ኮምፒውተር ከፈቱት። ሰላምታው አለ። ሀብቱ የለም። በቦታው ባዶ ሳጥን፣ ጥጉ ላይ ቀይ ኤክስ።

«ኔትወርክ ነው፤» አለ ሀብቱ ቅር ብሎት።

ልክየለሽ ዞራ አየችው። «ሀብቱ፣ ይህ ኮምፒውተር ኔትወርክ ገብቶለት ያውቃል?»

«ኧረ የምን ኔትወርክ! መጻፊያ ብቻ ነው።»

እሷ ፎቶውን ለማውጣት የጻፈችውን መስመር እንደገና አነበበች፤ ከዚያም ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ ቆመ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ሁሉም በውብአየሁ ሆቴል አዳራሽ ተሰበሰቡ። አዝመራው ጠመንጃውን በር ላይ እንዲያስረክብ ተለመነ፤ ሰጠ፤ ዱላውን ግን አልሰጥም አለ። ጢሞቲዎስ ክንዱ በሻሽ ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀመጠ። ጋሽ አየነው ከሽማግሎቹ ጋር በክብር ቦታ ነው። ጠረጴዛው ላይ የአበረ ሲፒዩ ከተዋሱት ሞኒተርና ኪቦርድ ጋር ቀርቧል፤ ሞኒተሩ ጠፍቷል።

«ከሬሳው እንጀምር፤» አለች ልክየለሽ። «ከሁለተኛው። ገዳዩ ሞኒተሩን አድቅቆ ሲፒዩውን ሳይነካ ሄደ። ለምን?»

«ተናዶ ነዋ፤» አለች ውብአየሁ።

«መናደዱስ ተናዷል። ግን የጠላው ነገር መስተዋቱ ውስጥ የሚኖር መስሎታል። ጢሞቲዎስ ቢሆን ኖሮ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ነበር የሚሰብረው፤ ፎቶም ጽሑፍም የሚቀመጠው እዚያ እንደሆነ ያውቃል። ይህን ያደረገ ሰው ኮምፒውተር የማያውቅ ነው።»

«እኔም አላውቅም!» አለች ውብአየሁ ደንግጣ።

«አንቺ በረዶው ሲጥል ቤትሽ ሙሉ ሰው ሽሽት ገብቶ ስታስተናግጂ ነበር፤ ሁሉም መስክሮልሻል። አሁን ወደ ጠቡ። ይታያል አይታይም ተባባሉ። ከሁለቱ የዋሸ ማን ነው?»

ሽማግሎቹ ጢሞቲዎስን ገረመሙት።

«ማንም አልዋሸም። ዌብሳይቱ ውስጥ አበረ የጻፋት አንዲት መስመር ለኮምፒውተሩ ‹ሂድና ፎቶውን ከአበረ ዴስክቶፕ ላይ አምጣ› ትላለች። የራሱ ኮምፒውተር ትእዛዙን ሰምቶ ያመጣል። ዳንግላ ያለው ግን? ባሕር ዳር ያለውስ? እኔ ‹ቁልፉ ትራሴ ሥር ነው› ብዬ ብልካችሁ፣ እናንተም የየራሳችሁን ትራስ ብታነሡ ቁልፍ ታገኛላችሁ? የጀማሪ ስሕተት ናት። እኔም እሑድ ዕለት እሷኑ ሠራሁ። ስለዚህ በዚህ ወንጀል ውስጥ ኔትወርክ ነጻ ነው። ነጻ ሲወጣ በታሪኩ የመጀመሪያ ጊዜው ሳይሆን አይቀርም።»

ጢሞቲዎስ ጎንበስ አለ። «ለሱ ይታየው ነበር ለካ፤» አለ ለራሱ። «እውነቱን ነበር።»

«ከጠቡ በኋላ አበረ ፎቶውን ቀየረ። ኮምፒውተሩ ፋይል መቼ እንደተነካ ይይዛል፤ ቅዳሜ ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ሊመሽ ሲል ሞቶ ተገኘ፤ ቤቱ ታሸገ። አዲሱን ፎቶ ማየት የሚቻለው እንግዲህ በዚያ ከሰዓት፣ በዚያ ክፍል፣ በዚያ ሞኒተር ላይ ብቻ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ውብአየሁ እንኳ አላየችውም። አይቼዋለሁ ያለኝ አንድ ሰው ነው፤ እርካቡን ሳይቀር ነገረኝ። ዳንግላ ነው ያየሁት አለኝ።»

የሽማግሎቹ አንገት ቀስ ብሎ ዞረ።

«ሀብቱ፣ አብራው፤» አለች።

«አታብራው!»

ጋሽ አየነው ተነሥቶ ቆሟል። ጋቢው ከትከሻው ወርዷል።

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ አልሁ እኮ፤ ምን ቀራችሁ? አታብሩት ብቻ።» እጁን ወደ ሞኒተሩ ዘረጋ። «በረዶውን ሽሽት ገባሁ። ‹ጋሼ ይምጡ፣ ዓለም ሁሉ እያየዎት ነው› አለኝ፤ እየሳቀ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ፈረስ ላይ ነኝ፤ አንድ ቀን ብወድቅ እሷኑ ለዓለም! አጥፋው አልሁት። ‹አንዴ ከወጣ አይጠፋም› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ብረቱን አነሣሁ። ከወደቀ በኋላም ያ ሥዕል አልጠፋም፤ እዚያው ሆኖ ያየኛል። እሱንም መታሁት። ዓለም ሁሉ አየኝ፣ ልጄ!»

«ጋሽ አየነው፣» አለች ልክየለሽ፣ «ማንም አላየዎትም።»

ቃሉ ለመግባት ጊዜ ወሰደበት። ሲገባው ሰውዬው እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወንበሩ ላይ ወደቀ፤ አዝመራውም ያን ጊዜ ደረሰበት። ዱላው አንዴ ትከሻው ላይ፣ አንዴ አፉ ላይ አረፈ። ሦስተኛውን ሀብቱ በገዛ ክንዱ ተቀበለው። አራት ሰው ተረባርቦ ለያያቸው። ከጋሽ አየነው ከንፈር ደም በጺሙ ላይ ይወርዳል፤ እጁ ላይ ካቴና ገባ።

«አብሩት፤» አለ አዝመራው እያለከለከ። «ወንድሜ የሞተበትን ልየው።»

በራ። አዝመራው ቀርቦ አየ። ከፈረሱና ከወደቀው ሰው በላይ የሆቴሉ ታፔላ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። አበረ ፎቶውን የመረጠው ለዚያ ነበር፤ በረንዳውን ሙሉ የሚያሳይ ሌላ ቀለል ያለ ፎቶ አልነበረውም። በአዳራሹ የሳቀ ሰው የለም።

«ይህ ብቻ?» አለ አዝመራው። በአዊኛ ሌላ ነገር አጉተመተመ፤ ከዚያ ወደ ጢሞቲዎስ ዞረ። ጢሞቲዎስ ወደ ግድግዳው ተለጠፈ።

«አንተ ልጅ። እጅህ… እግዜር ይማርህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ ሥዕል በየአገሩ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል?»

«አንድ መስመር ናት የተበላሸችው፤» አለ ጢሞቲዎስ። «ማስተካከል ነው።»

«እንግዲያው ወንድሜ የጀመረውን ጨርስለት።»

ጋሽ አየነው ከነካቴናው መሬት ላይ ተንበረከከ። «አዝመራው! ጠመንጃህን አስመጣና ግደለኝ። በወንድ ወግ ግደለኝ!»

አዝመራው አላየውም። ኢንስፔክተሯ የማስረጃውን ኮፒ ከያዘች ቆይታለች፤ የምትከለክልበት ምክንያት ፈለገችና አላገኘችም። ጢሞቲዎስ ወንበሩን ሳበ፤ በደህና እጁ ኪቦርዱን ወደ ራሱ አስጠጋና በአንድ ጣት መጻፍ ጀመረ።