ቤት የሌለው በር

እንዲህ ያለውን ወሬ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው የማፈስ ሰው ነኝ፣ ጂን አየሁ የሚል ሰው ፊት ሳቄን እንኳ መቆጣጠር አልችልም፣ እናቴ ስምሽ ደጅ ላይ ሲጠራ ሰውየውን ሳታዪ አቤት እንዳትዪ ስትለኝ «ጎረቤት ቢሆንስ?» ብዬ የምከራከር ልጅ ነበርኩ፣ ስለዚህ ይህን ሰምታችሁ «እሷም ጀመራት» ብትሉ አልቀየማችሁም።

የተማርኩት ቅርፃ ቅርፅ ነው። አዲስ አበባ ስሠራ ቆይቼ፣ ጦርነቱ ከእኛ አካባቢ ሲወጣ የወላጆቼን ቤት ልይ ብዬ ሐይቅ ከተማ መጣሁና በዚያው ቀረሁ። ሥራ ግን እምቢ አለኝ፣ ጭቃ አቦካለሁ፣ አንድ ነገር ይመስላል ስል መልሼ አፈርሰዋለሁ፣ ጓደኞቼ እየደወሉ «ያየሽውን ሥሪው እንጂ» ይሉኛል፣ እኔ ደግሞ ያን ሰሞን መንገድ ስሄድ እንኳ የፈረሰ ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው።

አንድ ቀን ከውጫሌ በሚኒባስ ስመለስ፣ ሐይቅ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ የዋንዛ በር አየሁ። ግድግዳ የለ፣ ጣሪያ የለ፣ በሩና መቃኑ ብቻ። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው ጓጉንቸሩን ከፈቱ፣ ገቡ፣ በሩን ከኋላቸው ዘጉና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ምስር መልቀም ጀመሩ። እመኑኝ፣ ከስንት ወር በኋላ እጄ ሲቁነጠነጥ የተሰማኝ ያኔ ነው፣ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ።

ፋጡማ ይባላሉ። ሰላም ካልኳቸው በኋላ አፌ አላርፍ ብሎ «እማማ፣ በጎን መግባት አይቀልም?» አልኳቸው።

«በጎን የሚገባ ሌባ ነው፣ ልጄ» አሉኝ፣ ሳይስቁ።

ቤቱን ከባድ መሣሪያ ነው የጣለው። አንድ ልጃቸው እንድሪስ በዚያው ሰሞን ከብቶቹን ልመልስ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም፣ ሞቷል የሚልም አይቼዋለሁ የሚልም የለም። ወንድማቸው ከጓሮ በኩል የቆርቆሮ ክፍል እየሠራላቸው ነበር፣ ይህ በር ለእሱ አይሆንም። እኔም ፈራ ተባ እያልኩ ሐይቁ ዳር ላቁመው፣ ሰው እየከፈተ ይለፍበት፣ የእኔ ሥራ እንዲህ ያለ ነው አልኳቸው። ምስሩን አስቀምጠው ተነሡና የበሩን እንጨት በእጃቸው ዳሰሱት።

«ውሰጅው» አሉ በመጨረሻ፣ «እዚህ ከእንግዲህ ማን ያልፋል? ሰው የሚበዛበት አቁሚልኝ። እንድሪስ በዚያ ካለፈ በሩን ያውቀዋል።»

ጎረቤቴ ሰይድ አናጢ ነው፣ ከእሱ ጋር ሆነን አቆምነው፣ ፊቱን ወደ ውሃው፣ ጀርባውን ወደ ከተማው አድርገን። ቅዳሜ ሰው ጠርቼ ላሳይ ነበር፣ ይህ የሆነው ከዚያ በፊት ነው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ። ሰይድ የመቃኑን እግር የምናጠብቅበት ድንጋይ ሊያመጣ ሄዷል፣ እኔ በጀርባ በኩል ተንበርክኬ ማጠፊያውን ዘይት እቀባለሁ፣ ነፋስ የሚባል የለም፣ ሐይቁ እንደ ብርጭቆ ረግቷል።

መጀመሪያ የሰማሁት ጫማ ሲራገፍ ነው፣ ጭቃ የረገጠ ሰው ከመግባቱ በፊት እንደሚያደርገው፣ ጧ፣ ጧ። ከዚያ ሳል፣ የሕመም ሳል አይደለም፣ ሰው ደጅ የደረሰ እንግዳ የሚስላት ዓይነት። ሰይድ መስሎኝ በሩን ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም። በሩና ውሃው መካከል እኮ ድመት የምትደበቅበት ቦታ የለም! አሳ አጥማጅ ይሆናል፣ ድምፅ በውሃ ላይ ሩቅ ይሄዳል ብዬ ራሴን አሳምኜ ተመለስኩ። ማጠፊያውን እንደያዝኩ በሩ ተንኳኳ፣ እንጨቱ እጄ ላይ ሲርገበገብ ተሰማኝ።

«ማነው?» አልኩ፣ ድምፄ የእኔ አይመስልም።

«እኔ ነኝ።»

ዝግ ያለ የወንድ ድምፅ፣ የደከመ፣ ስሙን መናገር እንደማያስፈልገው ሰው። አማተብኩ። ያኔ ሰይድ በዳርቻው ድንጋዩን ተሸክሞ እየመጣ ከሩቅ ጮኸ፣

«እንግዳ ደጅ አቁመሽ ምነው? ክፈቺለት እንጂ!»

«ማንን?»

«እሱን ነዋ! ጋቢ የለበሰውን!»

መቀርቀሪያውን ሳብኩት። ሐይቁ ብቻ ነበር፣ ባዶ። ግን እመኑኝ፣ ሳላስበው ወደ ጎን አልኩ፣ ለሚገባ ሰው መንገድ እንደሚለቀቀው፣ የራሰ ጋቢ ሽታም በአጠገቤ አለፈ። ሰይድ ድንጋዩን እግሩ ሥር ጣለው።

«አዑዙ ቢላህ» አለ፣ «አሁን እዚህ ቆሞ አልነበረም? ጀርባውን እያየሁት!»

ትቼው ልሂድ አላልኩም፣ ዓይኔን ከዚያ በር ላይ ማንሳት አቃተኝ። ሰይድ ነው ክንዴን ይዞ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያለ የወሰደኝ።

በማግስቱ ቅዳሜን ሰርዤ፣ መኪና ለምነን በሩን ጭነን እማማ ፋጡማ ዘንድ ሄድን። ልዋሻቸው አስቤ ነበር፣ ዝናብ እንዳያበላሸው ብዬ። ገና ሲያዩን ግን ከቆርቆሮው ክፍል ወጥተው ቆሙ፣ እኔም የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ሳሉን፣ ድምፁን፣ ሰይድ ያየውን ጋቢ። አላለቀሱም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ገባ ወይስ ቆሞ ቀረ?»

ያየሁትን ብቻ ነገርኳቸው።

«ሰው አላየሁም፣ እማማ። መንገድ ግን ለቀቅኩለት።»

«እንግዲያ ገብቷል» አሉ። ቀጥለው እኔን ትተው ከትከሻዬ በላይ አሻግረው አዩ፣ ብዙ አዩ። «አብራችሁ ነው የመጣችሁት?»

እውነቴን ነው፣ ዞሬ ማየት አልቻልኩም። ሰይድም አልዞረም።

ይህ ከሆነ ቆየ። ማብራሪያ የሚሰጠኝ አላጣሁም፣ ድካም ነው የሚለኝ አለ፣ ሐዘን ነው የሚለኝ አለ፣ ይሁን። ግን አሁንም የትም ቤት ስገባ በሩን ወዲያው አልዘጋም፣ ከኋላዬ ሰው እንዳለ ሁሉ ትንሽ ይዤው እቆያለሁ። እጄ ነው የሚያደርገው፣ እኔ አይደለሁም።