ዓሣ አጥማጁ ካርድ ላይ የነበረችው እጅ

ጂን የለም አልልም፣ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ሰው «እንዲህ አየሁ» ሲለኝ በሆዴ ነው የምስቀው፣ ኦክላንድ ውስጥ መኪና ስነዳ ከተሳፋሪ ያልሰማሁት ወሬ የለም፣ ስለዚህ ይህን የምነግራችሁ እያፈርኩ ነው።

የድሮ የጃፓን የሥዕል ካርድ እሰበስባለሁ፣ ያውም የኅትመት ስሕተት ያለበትን ብቻ። ካርዶቹ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ታትመው ነው የሚቆረጡት፣ ቢላዋው ትንሽ ከሳተ የጎረቤቱ ሥዕል ቁራጭ አብሮ ይመጣል። የእኔው ካርድ ላይ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ ዳሩ ላይ ደግሞ ጥፍር የምታህል የሴት እጅ፣ የማን እንደሆነች ሳላውቅ ስድስት ዓመት አየኋት።

የእጇ ባለቤት ሳን ሆዜ ተገኘች፣ ጋሽ መኮንን ዘንድ። በንጉሡ ዘመን ለትምህርት የመጡ ጡረተኛ መምህር ናቸው፣ እንደኔው የስሕተት ፍቅር የያዛቸው። በእሳቸው ካርድ ላይ በቀኟ ጃንጥላ የያዘች ሴት አለች፣ ግራ እጇ ከአንጓው ተቆርጦ ቀርቷል። የጋሽ መኮንን ዓይን እየደከመ ነው፣ ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣቸውም። «ሳይጨልምብኝ ሁለቱ ገጥመው ልያቸው» አሉኝ።

ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሄድኩ። ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ስናስጠጋቸው ልክክ አሉ። ወላሂ፣ ያኔ ወረቀት ሲገለጥ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ መስኮቱ ዝግ ነበር። ጋሽ መኮንን በአጉሊ መነጽራቸው ብዙ አዩና «እፎይ አለች» አሉ።

ከዚያ «እርስዎ ይውሰዱት»፣ «የለም፣ አንተ ውሰድ» ተባባልን፣ ማንም አልረታም። ሳያዩኝ ካርዴን ከአጉሊ መነጽሩ ሥር ትቼላቸው ወጣሁ። ሌክ ሜሪት አጠገብ ቤቴ ገብቼ ጃኬቴን ባወልቅ፣ ኪሴ ውስጥ የእሳቸው ካርድ። የሐበሻ ነገር፣ እሳቸውም ሳላይ ከተውልኝ ኖሯል። ሳቅኩ፣ ሳቄ ግን አልቆየም፤ ሴትዮዋ ሁለት እጅ አላት።

ደወልኩ።

«ጋሽ መኮንን፣ የተውኩልዎት ካርድ ዳሩ ላይ እጅ አለ?»

«እኔ ምኑን አየዋለሁ፣ ቆይ ልጄ ቼክ ታድርግልህ።»

ልጃቸው አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። «ኖ ሃንድ፣ ኢትስ ጀስት ዋይት» አለችኝ።

ሦስት ቅዳሜ አለፈ። «ሰይድ፣ ይዘሃት ና፣ እንደገና እናጋጥማቸው፣ ዓይኔ አይጠብቅህም» ይሉኛል፣ እኔም ሥራ በዛብኝ እላለሁ። ውሸቴን ነው፣ ፈርቼ ነው፤ ምን እንደሚሆን ለማየት ግን እንዴት እንደምጓጓ አልነግራችሁም። ትናንት ጠዋት ካርዱን ሳወጣው ሴትዮዋ ጃንጥላውን ወደ ግራ እጇ አዛውራዋለች።

ዛሬም ጋሽ መኮንን ደወሉ፣ አላነሳሁም።