ሰባቱ ያልረገጡት ደሴት

ስቱርላን የቀረብኩት ልበቀል ብዬ ነው። ማንም ቢሰማ ግድ የለኝም።

በእኛ ደሴት፣ በስካርቮይ፣ አያቴ ቶርላይቭ ሰው የሸጠ ከዳተኛ ነበር። ጀርመኖች አገራችንን በያዙበት በጦርነቱ ጊዜ፣ ሰባት ሰዎች የጫነ አንድ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተመትቶ በክረምት ጠዋት በደሴታችን ላይ አለፈ። ኢንግቫልድ የሚባለው ዓሣ አጥማጅ «ሰባቱም በጃንጥላ ወርደው ቶርላይቭ ጀልባ ቤት ሲገቡ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ» አለ። ሰባቱን ከዚያ ወዲያ ያየ የለም። እንግዲያው ቶርላይቭ ለጀርመኖች አሳልፎ ሰጣቸው ተባለና አለቀ።

አያቴ እስኪሞት ማለ፤ የሰማው ግን አልነበረም። እናቴን ትምህርት ቤት «የከዳተኛ ልጅ» እያሉ በበረዶ ይደበድቧት ነበር። አያቴ ሲቀበር ሬሳውን የሚሸከም ሰው ታጥቶ ከሌላ ደሴት ነው የመጡልን።

ኢንግቫልድስ? ኢንግቫልድማ በየዓመቱ የነፃነት በዓል በሚከበርበት በግንቦት ቀን የመታሰቢያው ድንጋይ አጠገብ ቆሞ ስለ ሰባቱ ይናገራል። ሕዝቡም ያለቅሳል። ስቱርላ የእሱ የልጅ ልጅ ነው፤ ያውም አንድ ለእናቱ።

ጦርነቱ ካለቀ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ የባሕሩን ወለል የምታጠና መርከብ ወደቡ ላይ ቆመች። የስልክ ገመድ ሊዘረጋ ነው ተባለ። እኔ ወጥ ቤቷ ውስጥ ሥራ አገኘሁ፤ ስቱርላ ደግሞ ዓሣ ያመጣልን ነበር።

«ትኩስ ነው?» አልኩት የመጀመሪያ ቀን፣ ፊቴን አጨማድጄ።

«የቀዘቀዘውስ ያንቺ ፊት ነው። ዓሣው ትኩስ ነው።»

«የማን ልጅ እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«ራግና፣ የቶርላይቭ የልጅ ልጅ። አውቃለሁ። ዋጋ ግን አልቀንስልሽም።»

በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር የቀለደ ሰው በዕድሜዬ አልነበረም። ሳላስበው ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ይውደደኝ፤ ከዚያ ልቡን ሰብሬ ልተወው፤ ሽማግሌው ኢንግቫልድም ቆሞ ይይ።

ወደደኝ። ሥራ ስጨርስ ወደቡ ላይ እየጠበቀ እስከ ቤቴ ይሸኘኝ ጀመር፤ ሰው እያየው፣ በጠራራ ፀሐይ። ብዙ አያወራም። አንዳንዴ ዞር ብሎ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ባሕሩን እናያለን። እሱን ለመጥላት በየጠዋቱ ራሴን መቀስቀስ ነበረብኝ። ኋላ ኋላ ደከመኝ።

በእኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቤተሰብ ባሕር ላይ የራሱ ማጥመጃ ቦታ አለው። ቦታው የሚገኘው በምልክት ነው፤ ይህ ተራራ ከዚያ ጣሪያ ጋር ሲገጥም እዚያ መንጠቆህን ጣል ይባላል። አባት ለልጁ በጆሮው ይነግረዋል፤ ከቤተሰቡ አይወጣም። የሰውን ምልክት አሳልፎ ከሚሰጥ ሌባ ይሻላል።

አንድ እሁድ ስቱርላ በጀልባው ይዞኝ ወጣና ሞተሩን አጠፋ።

«ወደ ምሥራቅ እይ። የቤተ ክርስቲያኑ ጫፍ ከቀዩ መጋዘን ጋር ገጠመ? አሁን ወደ ሰሜን፤ ተራራው ከትንሿ ደሴት ጀርባ ብቅ ብሏል። ምልክታችን ይሄ ነው።»

«ለምን ትነግረኛለህ? እኔ ቤተሰብ ነኝ እንዴ?»

«እንድትሆኚ ነዋ» አለኝ። ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር።

እጄን ያዘኝ፤ እኔም አልነጠቅኩትም። በቀሌን በዚያች ቅጽበት ረስቼው ነበር፤ እግዜር ያውቃል። ድንገት የመንጠቆው ገመድ ተወጠረ።

«አይዞሽ፣ ቋጥኙ ነው» አለ እየሳበ። «ዓሣው የሚሰበሰበው እሱ ዘንድ ነው። አያቴን ሀብታም ያደረገው ይሄ ቋጥኝ ነው።»

መንጠቆው ይዞ የወጣው ግን ዓሣ አልነበረም። የተጨማደደ ቀላል ብረት ነው፤ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ብሎኖች ተደርድረዋል፤ አረንጓዴ ቀለሙ አልለቀቀም።

«ስቱርላ፣ ቋጥኝ ቆርቆሮ ያበቅላል እንዴ?»

«አንዳንዴ ይወጣል» አለ እየሳቀ። «አያቴ መልሰህ ጣለው ይላል።»

መልሶ ጣለው። እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ። ቋጥኝ የሚሉት ያ አውሮፕላን ነው፤ ኢንግቫልድ ሲወድቅ አይቶታል! ቢናገር ጀርመኑም እንግሊዙም እየመጣ ባሕሩን ይበረብራል፤ ቦታውም የአገር ይሆናል። ስለዚህ ማንም ባሕር ውስጥ እንዳይፈልጋቸው ሰባቱን በአፉ እኛ ደጃፍ አወረዳቸው። አያቴን ለዓሣ ሸጠው፤ ለዓሣ!

በማግስቱ ምልክቱን ለመርከቧ አዛዥ ነገርኩት። አለቀስኩ እንጂ አላመነታሁም። ካሜራውን በገመድ ከሦስት መቶ ሜትር በላይ አወረዱት። መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ክንፍ፣ ከዚያ የአብራሪዎቹ ክፍል ታየ። መውጫው እንደተዘጋ ነው። ቀበቶዎቹ ወንበሮቹ ላይ እንደታሰሩ ናቸው፤ ከሥራቸው ቦት ጫማዎች አሉ።

«ማንም አልወጣም?» አልኩት።

አዛዡ ቆቡን አወለቀ። «ማንም» አለኝ።

የነፃነት በዓሉ ቀን ካሜራው ያነሳውን ፎቶግራፍ ይዤ ሄድኩ። እናቴ ክንዴን ይዛ «ተይው ልጄ፣ ይብቃን» ትለኛለች።

«አይበቃንም!»

ኢንግቫልድ ንግግሩ መሐል ሲደርስ ጮህኩ። «ሰባቱ የት ነው የወረዱት ያልከን?»

«ቶርላይቭ ጀልባ ቤት!» አለ፣ ሳያፍር።

«ታዲያ ባሕር ውስጥ የታሰረው ቀበቶ የማን ነው?» ፎቶግራፉን ከፍ አደረግኩት። ሰው ተንጫጫ።

«ሌላ አውሮፕላን ይሆናል» አለ ሽማግሌው። «ባሕሩ ሰፊ ነው። እስቲ የት አገኛችሁት?»

ምልክት በአደባባይ የሚናገር እንደሌለ ያውቃል። እኔም ዓይኔ ስቱርላ ላይ አረፈ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ አሳልፌ እንደሰጠሁት ገና አሁን ነው የገባው። ምነው በሰደበኝ! እሱ ግን ወደ መድረኩ ወጣ።

«አባባ፣ እኔ ልናገር።»

ማይክሮፎኑን ተቀብሎ ምልክቱን በሙሉ ተናገረ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጫፍ፣ ቀዩን መጋዘን፣ ተራራውን፣ ትንሿን ደሴት። የደሴቱ ዓሣ አጥማጅ ሁሉ ሰማ። «አባባ ቋጥኝ የሚለው ቦታ ነው» አለ። «ብረቱን በእጄ አውጥቼ መልሼ ጥያለሁ።»

ኢንግቫልድ ድንጋዩ ሥር ቁጭ አለ።

ስቱርላ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ። «ብትጠይቂኝ ራሴ እነግራቸው ነበር። አላመንሽኝም» አለኝ።

በቀል አይጣፍጥም የሚል ሰው ተበቅሎ አያውቅም። በአያቴ መቃብር ላይ አበባ ተከመረ፤ እናቴን ያላቀፋት አልነበረም። ኢንግቫልድ ሱቅ ሲገባ ወሬ ይቆማል፤ እኔም ያንን ለማየት ብቻ ዳቦ ሳያልቅብኝ እሄድ ነበር።

ግን ስቱርላ ሽማግሌውን አልተወውም። ሾርባ ይሠራለታል፣ ሐኪም ቤት ይወስደዋል። ስለዚህ የደሴቱ ሰዎች እሱንም ሰላም ማለት ተዉ። «የውሸታም ዘር» ሲሉት በጆሮዬ ሰማሁ፤ እናቴን በበረዶ የደበደቡት እነዚያው አፎች! ያን ዓሣ አብረው ሲበሉ የኖሩት! ንዴቴ ሁሉ ወደ እነሱ ዞረ።

በመጸው ወደ ከተማ በምታመላልሰው መርከብ ላይ አገኘኋቸው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አያትና የልጅ ልጅ ብቻ ተቀምጠዋል፤ ሌላው ሰው ከእነሱ ጋር ከመቀመጥ ይሻላል ብሎ ውጭ ነፋስ ላይ ቆሟል። ሁሉም እያየኝ ሄጄ ፊታቸው ቆምኩ።

«ይቅር ያልኩዎት እንዳይመስልዎት» አልኩት ሽማግሌውን።

«አልመሰለኝም» አለ።

«እስክሞት አልልዎትም።»

«እሺ።»

ስቱርላ ቀና ብሎ አየኝ። «ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«አንተን ስለምወድህ። እሱን ግን እጠላዋለሁ፤ አንዱን ለአንዱ ብዬ አልተውም። ከነጥላቻዬ ትፈልገኛለህ?»

ስቱርላ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀ፤ አዎ ማለቱ ነበር። ሽማግሌው ከዘራውን ተመርኩዞ ከአጠገቡ ተነሳና ወንበሩ ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። እኔም ቦታውን ያዝኩ።